ገመዱ በማን እጅ ነው? ማዕድንን የመለካት ረጅም ታሪክ

በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የረገጠው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስጤስ ስለ አክሱም የወርቅ ንግድ የጻፈው አጭር ዘገባ ዛሬም ይነበባል። በእርሱ ትረካ መሠረት የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል በየሁለት ዓመቱ ሰዎቹን ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ ይልክ ነበር፤ ከእነርሱም ጋር ከ500 የሚበልጡ ነጋዴዎች ይጓዛሉ። የሚይዙት በሬ፣ ጨውና ብረት ነው። እቦታው ሲደርሱ እሾህ ቆርጠው ሰፊ አጥር ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን እሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ይመጡና ከወደዱት ዕቃ አጠገብ አንድ ሁለት ፍሬ ወርቅ አስቀምጠው ፈቀቅ ይላሉ። ባለ ሥጋው ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው እንዳለ ይተወዋል። ባለ ወርቁም ተመልሶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል።

ኮስማስ ለዚህ የዝምታ ንግድ የሚሰጠው ምክንያት የቋንቋ ልዩነትና የአስተርጓሚ እጦት ነው። ከንጉሥ የተላኩት ሰዎች ከኋላቸው መንግሥት ነበራቸው፤ ስለዚህ ያን ዘመን የፍትሕ ዘመን አድርጎ ማስዋብ አይገባም። ሆኖም በግብይቱ ውስጥ ኋላ የጠፋ አንድ ነገር ነበር። ዋጋው የሚጸናው ሁለቱም ወገን ሲቀበለው ብቻ ነው። ባለ ወርቁ «አልበቃኝም» ለማለት ወርቁን አንሥቶ መሄድ ይበቃዋል።

ዛሬ የማዕድን ሥራ የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው። የዘላቂነት መለኪያዎች ወይም አመላካቾች ይባላሉ። ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ተወሰደ፣ ስንት ሰው ተቀጠረ፣ ስንት አባወራ ከቀዬው ተነሣ፣ ስንት ሠራተኛ ተጎዳ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ እየተባለ በየዓመቱ ይመዘገባል። ጉዳዩ የሠንጠረዥና የቁጥር ስለሚመስል ለባለሙያ ይተዋል። ነገር ግን ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር የሚወሰነው ቁጥሩ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ያ ውሳኔ በየዘመኑ በማን እጅ እንደነበር ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ለእኛ ለወራሾቹ ይጠቅመናል፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ወርቁን ብቻ ስላይደለ።

የአግሪኮላ ክርክርና የካርሎቪትስ እንጨት

ማዕድን ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚነሣው ክርክር የእኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ዮአኪምስታል በተባለች የብር ማዕድን ከተማ ሐኪም የነበረው ጀርመናዊው ጌኦርግዮስ አግሪኮላ ስለ ብረታ ብረት የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1556 ሲታተም፣ በመጀመሪያው ክፍል የተቃዋሚዎችን አቤቱታ በዝርዝር አስፍሮ ነበር። እርሻው ይበላሻል፤ ለእንጨት ሲባል ጫካው ይጨፈጨፋል፤ ጫካው ሲያልቅ አራዊቱና አዕዋፉ ይጠፋሉ፤ ማዕድኑ የታጠበበት ውሃ ወንዞችን መርዞ ዓሣውን ይፈጃል ወይም ያሸሻል። ጉዳቱን እነዚያ ሰዎች በሚገባ ለይተውታል። ከ470 ዓመት ገደማ በኋላ በየትኛውም የማዕድን ወረዳ የሚሰማ አቤቱታ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አግሪኮላ ለእነርሱ የሰጠው መልስም ለዛሬ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ማዕድኑ የሚቆፈረው በአብዛኛው ጠፍ በሆነ ተራራ ነው አለ፤ ጫካው በተመነጠረበት እህል ይዘራል አለ፤ ከሁሉም በላይ ከብረቱ በሚገኘው ገንዘብ የሚበላውን አውሬ፣ ወፍና ዓሣ ከሌላ አገር ገዝቶ ማምጣት ይቻላል አለ። ክርክሩ እዚህ ላይ ሁለት ሚዛን ያዘ። የወንዙ ዳር ሰው ዓሣውን በወንዙ ውስጥ ይቆጥራል፤ የማዕድኑ ወዳጅ ዓሣውን በገበያ ዋጋው ይቆጥራል። ሁለቱም ስለ አንድ ዓሣ ይናገራሉ፤ በየትኛው ሚዛን ፍርዱ እንደሚሰጥ የወሰነው ግን መጽሐፉን የጻፈው ወገን ነው።

ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የተባለ ሰው ተነሣ። በሳክሶኒ ግዛት የማዕድን አስተዳደር ኃላፊ ነበር። የማቅለጫ እቶኖችና የጉድጓድ ድጋፎች ደኑን እየጨረሱት በመሄዳቸው፣ የሚቆረጠው እንጨት ከሚበቅለው እንዳይበልጥ የሚመክር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1713 አሳተመ። የዛሬ የዘላቂነት አስተሳሰብ ከአባቶቹ አንዱ አድርጎ የሚቆጥረው ይህን ሰው ነው። እንግዲህ ዘላቂነት ከማዕድን ቢሮ የወጣ ሐሳብ ነው ማለት ነው። ለልጅ ልጅ የማሰብ ጥበብ በውስጡ አለ። የመለኪያው መነሻ ግን የእቶኑ ፍላጎት ነበር፤ ደኑ በዋናነት የተለካው ለማዕድኑ በሚሰጠው እንጨት ነው። ይህ መንታ ውርስ፣ ማለትም አርቆ ማሰቡና በአንድ ወገን ዓይን ብቻ ማየቱ፣ እስከ እኛ ድረስ አብሮ ዘለቀ።

ቀላድ

ወደ አገራችን እንመለስ። መለኪያ የሥልጣን መሣሪያ መሆኑን ከመጽሐፍ መማር የማያስፈልገው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ የቀላድን ታሪክ ያውቃልና። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ በኋላ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል መሬት ቀላድ በተባለ ገመድ ተለካ። የልኬቱ አሃድ የሆነው አንድ ጋሻ ዛሬ በምንጠቀምበት ስሌት 40 ሄክታር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ግን እንደ መሬቱ ለምነትና እንደ ለኪው ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። ከተለካው ሲሶው ለባላባት ሲተው የቀረው ለመንግሥትና መንግሥት ለፈቀደላቸው ሆነ። በኋላም ግብር ሲጣል መሬቱ ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተመደበ።

ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ፤ እነዚህ ሦስት ቃላት በዛሬ አነጋገር አመላካቾች ነበሩ። ለማየት ቀላል፣ ለመመዝገብ ምቹ፣ ከአውራጃ እስከ አውራጃ ለማወዳደር የሚመቹ ናቸው። ገበሬው ማሳው ከየትኛው መደብ እንደሚገባ አይመርጥም፤ ገመዱ ሲዘረጋ ቆሞ ያያል። ለከብት አርቢው ደግሞ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር። በዝናብ ወቅት የሚተወውና በበጋ የሚመለስበት ግጦሽ በለኪው ዓይን ባዶ መሬት ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማንም ስም ያልተያዘን የግጦሽ መሬት ከመንግሥት ንብረት ጋር ቆጠረው። ይህ የሆነው ጉጂና ቦረና ለየወንዙና ለየጉድጓዱ የራሳቸው ሥርዓት እያላቸው ነው። በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራው ይታወቃል፤ ተራውን የሚያስከብር አባትም አለ። መለኪያ ነበራቸው፤ መዝገቡ ውስጥ ግን አልገባም።

የጋሻው ዘመን በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ተዘጋ። ገመዱን ከአንድ ወገን እጅ ወደ ሌላ ወገን እጅ ማዛወርና ገመዱን በጋራ መያዝ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በመጡት ሥርዓቶች ኮታውንም፣ ዕቅዱንም፣ የዕድገት አሃዙንም ስንቆጥር ኖረናል፤ የሚቆጠረውን ዝርዝር ያወጣው ግን በአብዛኛው ከላይ ያለው ነው።

ችካል የነቀሉ ሴቶች

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በቡገንቪል ደሴት የፓንጉና መዳብ ሲታሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የሮሮቫና መንደር ሴቶች የቀያሾችን ችካል ነቀሉ፤ ፖሊስም ተሰለፈባቸው። በአብዛኛው የቡገንቪል ክፍል መሬት የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። የመንግሥትና የኩባንያ ተወካዮች ግን በአመዛኙ የተነጋገሩት ከወንዶች ጋር ነበር። ማዕድኑ ከ1972 እስከ 1989 ሠራ፤ በእነዚያ ዓመታት ደሴቲቱ ከምትገኝበት ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የወጪ ንግድ ከ40 በመቶ በላይ ያስገኘው እርሱ ነበር። በወቅቱ በነበሩት መለኪያዎች ሁሉ ሥራው የተሳካ ነው። በመጨረሻ ግን ስለ መሬቱ፣ ስለ ወንዙና ስለ ድርሻው የነበረው ቁጣ ማዕድኑን ዘጋው፤ የተከተለውም ጦርነት አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ቀጠፈ።

የፓንጉና ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በብሔራዊ ሂሳብ ጥሩ ሆኖ የታየ ቁጥር በመንደሩ የሚነደውን እሳት ላያሳይ ይችላል። ሁለተኛው፣ «ማኅበረሰቡን አነጋግረናል» የሚለው ቃል ከማኅበረሰቡ ውስጥ ማንን እንደሆነ ካልተናገረ ባዶ ነው። በቡገንቪል የተነጋገሩት ሰዎች የመንደሩ ሰዎች ነበሩ፤ የመሬቱ ወራሾች ግን አልነበሩም።

ሠንጠረዡ ሲወለድ

እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ደ ጄኔሮ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ የጸደቀው አጀንዳ 21፣ መንግሥታት የዘላቂ ልማት አመላካቾችን እንዲያዘጋጁ ጠየቀ። በ1996 በጣሊያን ቤላጂዮ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ባወጡት መርሆ ደግሞ የሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ በሰፊው መሳተፍ እንዳለባቸው ጻፉ። በ1997 ዓለም አቀፍ የዘላቂነት ሪፖርት መመሪያ የሚያዘጋጀው ጂአርአይ ተመሠረተ፤ በ2010ም ለማዕድን ዘርፍ የተለየ ተጨማሪ መመሪያ በመጨረሻ መልኩ ወጣ። በዚያ መመሪያ በሕዝብ መፈናቀል፣ በባህላዊ ማዕድን አውጪዎች፣ በመሬት ላይ በሚነሣ አለመግባባትና በማዕድን መዘጋት ዕቅድ ላይ ጥያቄዎች ተካተቱ። ከአግሪኮላ ዘመን ጀምሮ ከመዝገብ ውጭ የነበሩ ነገሮች ረድፍ አገኙ ማለት ነው። ይህን ማቃለል ግፍ ይሆናል።

በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002፣ ትላልቅ የማዕድን ኩባንያዎች ገንዘብ የመደቡለትና በለንደን የሚገኝ የጥናት ተቋም የመራው ሰፊ ምክክር ተካሂዶ ነበር። በብዙ አህጉራት ስብሰባ ተደረገ፤ ወፍራም ሪፖርትም ወጣ። አንዳንድ የነባር ሕዝቦች ድርጅቶችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ግን ጥሪውን አልተቀበሉም። ምክንያታቸው አጀንዳው አስቀድሞ ተቀርጿል፣ ገንዘቡም ከሚመዘነው ወገን መጥቷል የሚል ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ግልጽ ሆነ። አንዱ ወገን «ጠርተናችኋል፣ ተናገሩ» ይላል፤ ሌላው «ስለምን እንደምንነጋገር አብረን እንወስን» ይላል።

ይህን የምናውቀው ከሩቅ ብቻ አይደለም። በአገራችን ቀበሌ አዳራሽ «ሕዝቡ ተወያይቶ አመነበት» የሚለው ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ የማያውቅ የለም። የስም መመዝገቢያው ይዞራል፣ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አበል ካለም ይከፈላል። የተፈራረመው ሰው ብዛት ራሱ የተሳትፎ አመላካች ሆኖ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ከተሳታፊው ቃል ተነሥቶ የተለወጠ አንድ ረድፍ መኖሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ወረቀቱ ያላየው

ያለፉት 15 ዓመታት በወረቀትና በመሬት መካከል ያለው ርቀት ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑን አሳይተዋል። በደቡብ አፍሪካ ማሪካና እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 2012 ፖሊስ 34 የፕላቲነም ማዕድን ሠራተኞችን ገደለ። አድማው የደመወዝ ነበር፤ ከኋላው ግን የቆርቆሮ ሰፈሮች ኑሮ አለ። ኩባንያው በሕግ በተጠየቀው የማኅበራዊና የሥራ ዕቅዱ 5,500 ቤቶች እንደሚሠራ ቃል ገብቶ የሠራው ሦስት የናሙና ቤት ብቻ መሆኑን አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋገጠ። አመላካቹ ነበረ፤ ግቡም በቁጥር ተቀምጧል። ቤቱን የሚጠብቀው ሠራተኛ ግን ዕቅዱ ሲጓተት «ይህ አልተፈጸመም» ብሎ ፈቃዱን የሚያስቆምበት በር አልነበረውም።

በብራዚል ብሩማዲንዮ ጥር 25 ቀን 2019 የብረት ማዕድን ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ከወራት በፊት የመረጋጋት ማረጋገጫ ተሰጥቶታል። የሠራተኞቹ መመገቢያ አዳራሽ ከግድቡ ሥር ነበር። በአውስትራሊያ ደግሞ በግንቦት 2020 የጁካን ገደል ዋሻዎች የብረት ማዕድን ለማስፋት በፈንጂ ፈረሱ፤ በአንደኛው የ46,000 ዓመት የሰው ልጅ አሻራ ተገኝቶበት ነበር። ኩባንያው ሕጋዊ ፈቃድ ይዟል። ፈቃዱ በ2013 ሲሰጥ የቦታው ባለ ርስቶች ይግባኝ የሚሉበት አንቀጽ በሕጉ ውስጥ አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ በኋላ ከሥልጣን ቢወርድም ዋሻው አይመለስም።

ሦስቱም አደጋዎች የደረሱት በመለኪያ እጥረት አልነበረም። ወረቀት ሞልቶ ነበር። የጎደለው፣ አደጋው ከጭንቅላቱ በላይ ያንዣበበበት ሰው መለኪያውን የመጠየቅ፣ የመጨመርና እምቢ የማለት ሥልጣን ነው።

ለገደንቢ

በጉጂ ዞን የአዶላና የሻኪሶ ምድር ወርቅ ለረጅም ዘመን ሲወጣበት የኖረ ነው። የለገደንቢ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ሲዛወር የ20 ዓመት ፈቃድ ተሰጠ። ለሁለት አሥርት ዓመታት አገሪቱ ከዚያ የሰማችው ኪሎ ግራም፣ የውጭ ምንዛሪና የሮያሊቲ ክፍያ ነበር። እነዚህ ዋጋ ያላቸው ቁጥሮች ናቸው፤ መድኃኒትና ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው።

በአካባቢው ግን ሌላ ቆጠራ ይካሄድ ነበር። እናቶች ያስወረዳቸውን ጽንስ፣ አካሉ ጎድሎ የተወለደን ልጅ፣ አርቢዎች ውሃ ጠጥቶ የሞተን ከብት ይቆጥሩ ነበር፤ ምክንያቱ ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል ነው ሲሉም ደጋግመው አቤት አሉ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለ10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ መንገድ ተዘጋ፤ መንግሥትም ፈቃዱን አገደ። ጥናት ታዘዘ፤ ምርቱም በ2013 ዓ.ም. እንደገና ጀመረ። አቤቱታው ግን አላቆመም።

እዚህ ላይ የማን ቃል እውነት ነው ብሎ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባው ክርክሩ ለምን እንዲህ እንደተራዘመ ነው። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ የወንዙና የከብቱ ሁኔታ ምን ይመስል እንደነበር ሁሉም ወገን አምኖ የሚያነበው መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። መነሻው ሳይታወቅ ለውጡ አይታወቅም። ኪሎ ግራሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተመዝኗል፤ የጽንሱ መዝገብ ግን አደባባይ ከተወጣ በኋላ ተፈለገ። ያ የጊዜ ልዩነት ራሱ ማን መለኪያ እንደመረጠ ይናገራል።

ዓሣውን የቀመሱ ሽማግሌዎች

ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ እንደሚችል የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በሰሜን ካናዳ በላክ ደ ግራ ሐይቅ የሚገኘው የዳያቪክ አልማዝ ማዕድን ሲከፈት፣ ከአምስት የነባር ሕዝቦች ቡድኖች ጋር የአካባቢ ስምምነት ተፈረመ፤ የሚከታተል አማካሪ ቦርድም ተቋቋመ። ከመለኪያዎቹ አንዱ በማንኛውም ላቦራቶሪ ያልተፈጠረ ነው። ሽማግሌዎችና ወጣቶች ሐይቁ ዳር ይሰፍራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ጉበቱንና ሥጋውን ያገላብጣሉ፤ ያበስላሉ፤ ይቀምሱታል፤ ከቀድሞው ጋር አስተያይተው ይፈርዳሉ። ሳይንቲስቶቹም ከዚያው ዓሣ ናሙና ወስደው የብረታ ብረቱን መጠን ይመረምራሉ። ሁለቱ ዕውቀቶች አንዱ የሌላው ጌታ ሳይሆን ጎን ለጎን ይመዘገባሉ። ለእነዚያ ሕዝቦች ሐይቁ ጤነኛ ነው የሚባለው ዓሣው ሲበላ ነው፤ በሚሊግራም ተጽፎ የመጣ ቁጥር ብቻውን አያሳምናቸውም።

ሌላው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ኢርማ የተባለው የማዕድን ኃላፊነት ማረጋገጫ ተቋም ነው። በአስተዳደሩ ስድስት ወገኖች እኩል ድምፅ አላቸው። እነርሱም የማዕድን ኩባንያዎች፣ ማዕድን ገዢ ድርጅቶች፣ ባለሀብትና ባንኮች፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችና ማዕድኑ የሚነካቸው ማኅበረሰቦች ናቸው። ከአንድ ወገን ሁለቱም ተወካዮች ከተቃወሙ ውሳኔው አይጸናም። በ2018 ያወጣው መመዘኛ በዚህ መንገድ ለዓመታት ተከራክረውበት የወጣ ነው። አዝጋሚ ነው፤ ኩባንያዎች የሚገቡበትም በፈቃደኝነት ነው፤ ጉድለቱም ይተቻል። ቢሆንም በቁጥር አነስተኛ የሆነ ወገን አብላጫውን «ቆይ» የሚልበት ሥልጣን በመተዳደሪያው ውስጥ ተጽፏል።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2014 የማዕድን ገቢን ግልጽ ለማድረግ የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ ማኅበር ኢአይቲአይን ተቀላቅላለች። በዚያ ጠረጴዛ መንግሥት፣ ኩባንያና ሲቪል ማኅበረሰብ ይቀመጣሉ። ገንዘቡ ከየት መጥቶ የት እንደገባ ማሳየት ትልቅ እርምጃ ነው። ከግድቡ በታች ያለው መንደር ግን በዚያ ጠረጴዛ የራሱ ወንበር የለውም።

ከዚህ ወዲያ

ዛሬ ወርቅ በአገራችን የወጪ ንግድ ቡናን ቀድሞ የሄደበት ዘመን ላይ ነን። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በኩርሙክ፣ በምዕራብ ወለጋ በቱሉ ካፒ ትላልቅ ማዕድኖች ተራቸውን ይዘዋል፤ ከእነርሱ ጎን በብዙ ወንዞች ዳር ባህላዊ አምራቾች ደለል ያጥባሉ። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የሚፈረሙት ፈቃዶች ለአንድ ትውልድ የሚቆይ መለኪያ ይዘው ይመጣሉ። ሕጉ ባዶ እጁን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ሕዝብ በልማት እንዲሳተፍና እንዲመከር፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳቡን በተሟላ ሁኔታ እንዲሰጥ መብት ሰጥቶታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ እንዲቀርብና አስተያየት እንዲሰበሰብ ያዛል። ሕጉ የሚያጎናጽፈው መብት ግን አስተያየት የመስጠት ነው። አመላካቹን የመምረጥ መብት ገና በግልጽ አልተጻፈም።

ይህን መብት በሕግ ለመጻፍ አስቸጋሪ ጥያቄዎችን መጋፈጥ ያስፈልጋል። ባለድርሻዎቹ አንድ ልብ አይደሉም። ሚኒስቴሩ የውጭ ምንዛሪን፣ ኩባንያው ወጪንና የፈቃድ ዋስትናን፣ ተቀጣሪው ደመወዝንና ደኅንነትን፣ ወጣቱ ቋሚ ሥራን፣ ባህላዊ አምራቹ የማይዘጋበትን ወንዝ፣ አርቢው ከብቱ የሚሻገርበትን መንገድ፣ እናት ንጹሕ ውሃ የምትቀዳበትን ርቀት ያስቀድማሉ። ሽማግሌም ሁልጊዜ የሕዝብ አፍ አይደለም፤ መኪና ያከራየና ጨረታ ያገኘ ሰው ሽማግሌ ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ሴቶች ባልና ወንድም ባሉበት አዳራሽ ስለ ጽንስ አይናገሩም። ከወንዙ በታች ያለው ወረዳ ደግሞ ከፈቃዱ ክልል ውጭ ነው ተብሎ ጭራሽ አይጠራም።

ብዙ ጊዜ ባለሙያዎች ይህን ልዩነት የሚፈቱት ለየአመላካቹ ክብደት ሰጥተው አንድ ድምር ውጤት በማውጣት ነው። ስሌቱ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ለሥራ ዕድል ሦስት እጥፍ፣ ለወንዙ አንድ እጥፍ ክብደት የሰጠ ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ቀሪው ማባዛት ነው። በድምሩ ውስጥ የተበከለ ምንጭ በተሠራ ትምህርት ቤት ይጣፋል። የአግሪኮላ መልስ በሒሳብ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጋጩ መለኪያዎች ሳይደመሩ ለየብቻቸው ቢታዩ ይሻላል። ግጭቱን ያየ ሕዝብ ይከራከርበታል፤ ድምር ውስጥ ገብቶ የተሰወረውን ግን ቆይቶ በአደባባይ ያገኘዋል።

ካለፈው የምንማረው ጥቂት ነገር ወደ ሥራ ሊለወጥ ይችላል። ለመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት የሆኑ ጥቂት መለኪያዎች ይኑሩ፤ ማዕድኖችን ለማወዳደር ያስፈልጋሉና። ከእነርሱ ጎን ግን ያካባቢው ሕዝብ ብቻ የሚያወጣቸውና እርሱ ካልፈቀደ የማይሰረዙ መለኪያዎች ይቀመጡ። ዝርዝሩ ከመፈረሙ በፊት ሴቶች ለብቻቸው፣ ባህላዊ አምራቾች ለብቻቸው፣ ከወንዙ በታች ያሉት ለብቻቸው ይመከሩ፤ ሰነዱም በሚናገሩት ቋንቋ ይቅረብ። የመነሻው ጥናት ቁፋሮው ሳይጀመር ይሠራ፤ አንዱ ቅጂ በወረዳው፣ አንዱ በሕዝቡ እጅ ይቆይ። የውሃ ናሙና ሲወሰድ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለነዋሪው ተወካይ ይሰጥ፤ ውጤቱ ካልተስማማ ሦስተኛ ላቦራቶሪ ይመርምረው። ማዕድኑ የሚዘጋበት ገንዘብ ገና ወርቁ ሳይወጣ ይቀመጥ፤ ያ ገንዘብ ገና ያልተወለዱት በዝርዝሩ ውስጥ ያላቸው ብቸኛ ድምፅ ነውና።

ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ኢንቬስተር ያሸሻል የሚል ክርክር ይነሣል። ማሪካናም፣ ፓንጉናም፣ ለገደንቢም ጊዜ ፈጅተዋል፤ የፈጁት ግን ሥራው ከቆመ፣ መንገዱ ከተዘጋና ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ለኩባንያም ለመንግሥትም ቢሆን የጋራ መለኪያ ከሁሉም ርካሹ ዋስትና ነው፤ ክስ ሲመጣ ከሳሹ ራሱ አብሮ የለካው መዝገብ ይኖራልና።

እኛ የቀላድ ወራሾች ነን፤ የጉድጓድ ተራ የሚያስከብሩ አባቶችም ወራሾች ነን። ከሁለቱ የትኛውን ውርስ ወደ ማዕድን ሕጋችን እንደምናስገባ የሚታወቀው በመግቢያው በሚጻፉት መልካም ቃላት አይደለም። ማንም ሰው ይዞት ሊመረምር የሚችለው አንድ ጥያቄ አለ። በዚህ ፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ኩባንያውም ሚኒስቴሩም ያልወደዱት፣ ሕዝቡ ግን አጥብቆ ይዞት የቀረ አንድ መለኪያ አለ ወይ? ከሌለ፣ ስንት ስብሰባ ቢደረግና ስንት ሰው ቢፈርም፣ ገመዱ አሁንም በአንድ ወገን እጅ ነው፤ ፈቃዱም ሳይፈረም ሊቆይ ይገባዋል።